በቃሬዛ የሄደው ባሕር

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ማንንም ያልጎዳ፣ በገዛ እጃችሁ ያሳደጋችሁት፣ ነፍስ ያለው ነገር ይዛችሁ «አውጡልን፣ ሌላ ቦታ ውሰዱት» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ያውም መሄጃ በሌላችሁ ቀን? እኔ ተብያለሁ። እንዳወጣ የታዘዝኩት ባሕር ነበር።

«ጎንደር ላይ የምን ባሕር?» ትሉ ይሆናል። ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም መልሱን ማስረዳት ሰልችቶኝ አያውቅም። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ጠመኔዬ እንኳ በየቀለሙ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን ስለ ባሕር ውስጥ ሕይወት ሳስተምር፣ ፎቶ ኮፒው ያጠቆረውን የኮራል ሥዕል ከፍ አድርጌ «ይህ እንስሳ ነው» አልኩ። ብርቱካን የምትባል ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለእኔ ድንጋይ ነው የሚመስለኝ።»

«እንስሳ ነው። አፍ አለው፣ ይበላል።»

«አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልቆየም። አላየሁትም። አላየሁትምና በዓይኔም በእነሱም ዓይን እንዲታይ አደርገዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ለብርቱካንም በማግሥቱ «አሳይሻለሁ» አልኳት። እሷም ክፍል ብትዛወር እንኳ አልረሳችም፤ በኮሪደር ባገኘችኝ ቁጥር «ቲቸር፣ ድንጋዩ የት ደረሰ?» ትለኝ ነበር።

የኮራል አኳሪየም ቤት ውስጥ መሥራት ጥድፊያ አይወድም። መስታወቱን ፒያሳ አካባቢ መስኮት የሚሠራ ሰው ቆርጦ በሲሊኮን ገጠመልኝ፤ «ከላይ ክፍት የሆነ መስኮት ሠርቼ አላውቅም» እያለ ቀልዶብኛል። ጨዉ የወጥ ጨው አይደለም። የወጥ ጨው ውስጥ ኮራል አካሉን የሚገነባባቸው ማዕድናት የሉም። አዲስ አበባ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ከእሱ አስላክሁ። ውሃውም ያስቸግራል። የክረምት ዝናብ ንጹሕ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከወረደ ግን ዚንክ ይዞ ይወርዳል፣ ዚንክ ደግሞ ለኮራል መርዝ ነው። ስለዚህ ሳፋ ግቢው መሀል ዘርግቼ ከሰማይ በቀጥታ እቀበል ነበር። አሸንዳ እያለላት ሜዳ ላይ ሳፋ የምትዘረጋ አስተማሪ ምን እንደምትባል ገምቱ።

ውሃው ሲዘጋጅ ዓሣ ወዲያው አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀዳዳ የበዛባቸው ድንጋዮች ይገባሉ፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ይጠበቃል። የዓሣውን ቆሻሻ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ለሳምንታት ድንጋይና ውሃ ብቻ እያየሁ ራቴን በላሁ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ከራሱ ገንዳ ካራባቸው ኮራሎች ቆራርጦ፣ ነጭ ቀበቶ ያላቸው ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ጨምሮ፣ አየር በተሞላ ፌስታል አድርጎ በአውሮፕላን ላከልኝ። ከኮራሎቹ አንዱን ከሁሉ አብልጬ ወደድኩት። እንጉዳይ ይመስላል። መብራት ሲያገኝ ከቆዳው ላይ ጣት ጣት የሚያካክሉ ነገሮች ያወጣና ውሃው ውስጥ ያወዛውዛቸዋል። ሲከፋው ጣቶቹን ሰብስቦ ድፍን ይሆናል።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ ያለ እሳቸው ታሪኩ አይሄድም። አባቴ በአንድ ደብር መሪጌታ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔ ከቤታቸው የወጣሁት በጠብ ነበር። ቅስና የሚጠብቅ አንድ ዲያቆን ነበር፤ ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት አለበት። አባቴ ለእሱ ያሰቡት እኔን ነበር።

«ለመሆኑ ምን ጎደለው?» አሉኝ።

«ምንም አልጎደለውም። እኔ ነኝ የማልፈልገው።»

«ደመወዝ አለኝ ብለሽ ነው። ሂጂ እንግዲህ። ወደዚህ ቤት የምትመለሺው ግን እሺ ስትይ ነው።»

ወጣሁ። ከፒያሳ በላይ እትዬ አሰገደች የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አባቷ እዚያው ከተማ እያሉ ያላገባች ሴት ቤት ስትከራይ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ይበል አልኩ። ይሁን እንጂ በሌላው ነገር ሁሉ አሁንም ፈቃድ ጠያቂ ነበርኩ። ምስማር ለመምታት አከራይን እጠይቃለሁ፤ ገንዳውን ወደ ትምህርት ቤት ለማምጣት ርዕሰ መምህሩን በተደጋጋሚ ጠይቄ «እስቲ እንወያይበታለን» ተብዬ ተመልሻለሁ። እምቢ ያልኩት ያንን ጋብቻ ብቻ ነበር፤ ለዚያም ሌት ተቀን ራሴን ስወቅስ ነበር የምኖረው።

«አውጪ» የተባልኩበት ቀን ቅዳሜ ነበር፣ ወሩም ጥቅምት፣ በዓሉም ሚካኤል። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጸጥታ ነው። አኳሪየም ያለበት ቤት ጸጥ አይልም፤ ፓምፑ ሌሊቱን ሁሉ ያንሾካሹካል። ተነሥቼ መብራቱን ብጫን አይበራም። ወደ ግቢው ስወጣ የእትዬ አሰገደች ሬዲዮ ይጮኻል። እሳቸው ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ በር ላይ ናቸው።

«እትዬ፣ የኔ ቤት ብቻ ነው መብራት የጠፋው?»

«አልጠፋም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የቆጣሪ ሳጥኑንም ቆልፌዋለሁ።»

«ምነው?»

«ምነው ትለኛለች። ሌሊቱን ሁሉ መስኮትሽ ሰማያዊ እየበራ ግቢዬን ቡና ቤት አስመሰልሽው። ትናንት ማታ አንድ ሰካራም በሬን አንኳክቶ ቢራ አለ ወይ አለኝ። እኔን። በዚህ ዕድሜዬ።»

እውነት ለመናገር ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። «መጋረጃ እደርብበታለሁ፣ እትዬ። ማሞቂያው ካልበራ ግን ይሞታሉ።»

«ዓሣ ቢሞት ለቅሶ አይቀመጡለት። ቤቴን ያከራየሁት ለሰው ነው፣ ለባሕር አይደለም። ከቅዳሴ ስመለስ ካላወጣሽው በባልዲ እየቀዳሁ እደፋዋለሁ።»

ቁልፉን ደረታቸው ውስጥ ከተው ሄዱ።

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ሁኔታው ይህ ነበር፤ የእነዚህ እንስሳት ውሃ ሁልጊዜ ሞቃት መሆን አለበት፤ የጎንደር የጥቅምት ጠዋት ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። የሙቀት መለኪያው መውረድ ጀምሯል። ያ እንጉዳይ መሳይ ኮራል ጣቶቹን ሰብስቦ ድፍን ሆኗል። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ አየር መንፊያ ነበረችኝ፤ ውሃው ውስጥ ጨመርኳት። እሷ አየር ትሰጣለች እንጂ አታሞቅም።

የት ልውሰዳቸው? ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ጥበቃው ያለ ርዕሰ መምህሩ ቃል አይከፍትም። ጓደኞቼ ሁሉ እንደኔ ተከራዮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው እትዬ አሰገደች አለባቸው። መብራት ያለበት፣ አከራይ የሌለበት አንድ ቤት ብቻ አውቃለሁ። እሱ ደግሞ «እሺ» ካላልኩ የማልገባበት ቤት ነው።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ዓሦቹን አየሁ። ሁለቱም መሬት ይዘው ክንፋቸውን አጣብቀዋል። ያን ጊዜ ውስጤ አንድ ነገር ተናደደ። እነዚህ ፍጥረታት የሚሞቱት ክፉ ሰው ስለ መጣባቸው አይደለም፤ እኔ ከሰው ሁሉ ፈቃድ ስለምለምን ነው። ተነሣሁ። እወስዳቸዋለሁ፤ እሺም አልልም።

በምን? ያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ማደያ ጋ ተሰልፈዋል፤ ቢገኙም በዚያ ኮብልስቶን ላይ መስታወት ጭኖ መሄድ መስበር ነው። ያኔ የእድራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ አያ ደሴ ትዝ አሉኝ። አያ ደሴ ከደጋው፣ ከጃናሞራ ወገን ናቸው፤ ዕቃ ቤቱ ከግቢያችን ጋር በአጥር ነው የሚለየው። በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው።

«አያ ደሴ፣ ቃሬዛውን ይስጡኝ።»

ደንግጠው ተነሡ። «ምነው፣ ማን ታመመ?»

«ዓሦቼ።»

ተመልሰው ተቀመጡ። «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ልጄ። በሚካኤል ቀን ዕቃ አላሸክምም። በሽተኛ ቢሆን ሌላ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እንዴት ምንድን ነው? በሽተኛ ካደረ ይሞታል። ዕቃ ነገም ዕቃ ነው።»

«እነዚህ ቢያድሩ ነገ አይገኙም። ይምጡና ይዩ።»

መጡ፣ አዩ። ጎንበስ ብለው መስታወቱን በጣታቸው ነኩና «ይህ ድንጋይ መሳዩስ?» አሉኝ። እንስሳ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ብርድ ይገድለዋል አልኳቸው። አፉ የት እንደሆነ ሳይቀር አስረዳሁ። አያ ደሴ ማስረዳቴን አላስጨረሱኝም። ወደ አጥሩ ዞረው ተጣሩ።

«ሞላ! ና እስቲ፣ በሽተኛ አለ።»

ሞላ ጎረቤታችን የባጃጅ ሾፌር ነው። ወንድሙን አስከትሎ መጣና በሽተኛውን አየ። «ባጃጄ ቤንዚን አጥታ ቆማለች፣ እኔ ግን ቤንዚን አልጠጣም» አለ። «ደግሞ በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ተሳፋሪ ጭኜ አላውቅም።»

ሞልቶ ያለ አኳሪየም አይነሣም፤ ይህን ልብ በሉ፣ መገጣጠሚያው ይፈነዳል። ዓሦቹን ከአየር መንፊያዋ ጋር ክዳን ባለው አንድ ባልዲ፣ ኮራሎቹንና ድንጋዮቹን በሌላው አደረግሁ። የቀረውን ውሃ ከታች ያለውን ደለል ሳልነካ በጀሪካኖች ቀዳሁ። ባዶውን መስታወት ከአልጋዬ አውጥቼ ቃሬዛው ላይ በዘረጋሁት ፍራሽ ላይ በሁለቱ ባልዲዎች መካከል አጋደምነው። ሙቀቱ እንዳይወጣ በጋቢ ሸፈንኩት፣ አያ ደሴም በገመድ አሰሩት። ጨርሰን ስናየው፣ አንድ ሰው ተሸፍኖ የተኛ ይመስላል። ስናነሣው ክብደቱም የሰው ነው።

«እግራችሁን አታመሳስሉ» አሉ አያ ደሴ ከፊት ሆነው። «ከተመሳሰለ ይወዛወዛል።»

እንዲህ ሆነን ወጣን። አያ ደሴና እኔ ከፊት፣ ሞላና ወንድሙ ከኋላ። ጀሪካኖቹን ወንድማማቾቹ በነጻ እጃቸው አንጠልጥለዋል።

ፒያሳ ስንደርስ ነው የሆነውን ያስተዋልኩት። በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ብድግ ብድግ አሉ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከፊታችን ትመጣ የነበረች ሴት ጋቢውን አይታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። በአገራችን ቃሬዛ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። በተለይ በደጋው፣ መኪና በማይገባበት፣ በሽተኛ ከመንደር እስከ መንገድ የሚደርሰው በመንገደኛ ትከሻ ነው፤ ያገኘው ሁሉ ማን ነው ሳይል ይቀበላል፣ ሲደክመው ለሚቀጥለው ያስረክባል። ከተማ ብንገባም ይህ ከትከሻችን አልወጣም። አንድ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ሳይጠይቅ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገና የቃሬዛውን እንጨት ከእኔ ወሰደ።

«እግዜር ይማረው» አለኝ። «ምን አገኘው?»

ዝም ብል ይሸከምልኝ ነበር። ግን አስተማሪ ነኝ፤ ተሳስቶ የሚሄድ ሰው አይቼ ዝም ማለት አልችልም። «ሰው አይደለም፣ ወንድሜ። የባሕር ዓሣና ድንጋይ የሚመስል እንስሳ ነው። ቤቴ መብራት ተዘግቶባቸው ብርድ ሊገድላቸው ነው።»

ቆም አለ። እንጨቱ ግን ትከሻው ላይ ነው። «በሕይወት አሉ?»

«እስካሁን አሉ።»

«እንግዲያ ምን ያቆመናል?» አለና ሄደ።

ሁሉም እንደ እሱ አልነበሩም። አንዱ «በሚካኤል ቀን ዓሣ አሸክማችሁ» ብሎ ጥሎ ሄደ። ሌላው ለጓደኛው ስልክ ደውሎ ይስቅብን ጀመር። ስቆ ሲጨርስ ግን መጥቶ የሞላን ወንድም ተካው።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ያቺ በባትሪ የምትሠራው አየር መንፊያ ጸጥ አለች። ጋቢውን ገልጬ ብነካካት አልተነሣችም። አየር ካልገባበት ዓሣ ከብርዱ ይልቅ በዚያ ቶሎ ይሞታል። መላው አንድ ነው፤ ውሃውን እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፣ ሲወርድ አየር ይዞ ይወርዳል። ከአንዲት ሱቅ በር ላይ ኩባያ ለምኜ፣ ከቃሬዛው ጎን ጎን እየተራመድኩ መቅዳትና ማፍሰስ ጀመርኩ። ከዳር ቆመው የሚያዩን አንዲት እናት ተቆጡኝ።

«ኧረ ምነው ልጄ፣ አጠጪው እንጂ ፊቱ ላይ አትድፊበት።»

ሞላ ከኋላ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቃሬዛው ተናጠ። «አትሳቅብን፣ በሽተኛው ይወድቃል» አሉት አያ ደሴ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዓሦቹ አንዱ በጎኑ ተንሳፍፎ ነበር።

የአባቴ ደብር ደጃፍ ላይ የደረስነው ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ነው። መንገዱ በነጭ ልብስ ተሞላ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ አሳለፈን፤ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከመካከላቸው አባቴን አየኋቸው። እሳቸውም እኔን አዩ፤ ከቃሬዛ ጎን፣ ነጠላዬ ረጥቦ፣ ኩባያ ይዤ። መልካቸው ተለወጠ። መቋሚያቸውን አጠገባቸው ላለ ሰው ሰጥተው እንደ ወጣት ሮጡና ኮት የለበሰውን ሰው ተክተው ከእንጨቱ ሥር ገቡ።

ጥቂት ተራመድን። አንገታቸውን ሳያዞሩ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ማን ነው?»

ከወጣሁ ወዲህ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም ነበር። በጣም ቀላሉ ነገር «ቤት ስንደርስ እነግርዎታለሁ» ማለት ነበር፤ ቤታቸው ከዚያ ይታያል። ግን እንደዚያ ከገባሁ በማታለል የገባሁ እሆናለሁ። በልመና መግባት የማልፈልገውን ያህል በማታለልም መግባት አልፈለግሁም።

«ሰው አይደለም፣ አባባ። የዓሦቼ ገንዳ ነው።»

ቆሙ። እሳቸው ሲቆሙ ሁላችንም ቆምን። ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሰው ዙሪያችንን ከበበ።

«ጭነት ነው? በሚካኤል ቀን ጭነት አሸከምሽኝ?»

«ጭነት አይደለም። ነፍስ አላቸው፤ እዚህ ቆመን ከዘገየን አይኖራቸውም። የእርስዎ ቤት መብራት አለ። ማስገባት እፈልጋለሁ።» ኩባያዬን እንደያዝኩ ቀጠልኩ። «ደግሞ አሁኑኑ ልንገርዎ፣ ኋላ እንዳንቀያየም። እሺ ልል አልመጣሁም። ዲያቆኑን አላገባም። ዛሬም፣ ነገም። በሩን የሚከፍቱልኝ ለዚያ ከሆነ አይክፈቱልኝ፣ እዚሁ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው እጄ እስኪዝል ውሃ አፈስላቸዋለሁ።»

ሞላ ጉሮሮውን ጠረገ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ፊት ለአባቴ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። እንጨቱ ግን ከትከሻቸው አልወረደም፤ ያን አይቻለሁ።

«አሳዪኝ» አሉ።

ጋቢውን ገለጥኩ፣ ክዳኑን አነሣሁ። በጎኑ የተንሳፈፈውን ብርቱካናማ ዓሣ አዩት። ጉሮሮው ቀስ እያለ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«የሐሙስ ፍጥረት ነው» አሉ ለራሳቸው ይመስል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከባሕር የሚወጣው ሁሉ በዕለተ ሐሙስ የተፈጠረ ነውና።

ከኋላ ሞላ «መሪጌታ፣ ትከሻችን» አለ።

አባቴ እንጨቱን አስተካከሉ። «በሽተኛ ተሸክሞ ሙግት አይቆምም» አሉ። «መጀመሪያ በሽተኛው ይግባ።»

በሽተኛው አሉት። በሕዝቡ ፊት፣ በሚካኤል ቀን፣ መሪጌታው በሽተኛ ካሉት በሽተኛ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ጭነት አላለውም። ጀሪካኖቹን እንኳ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ተቀባብለው አስገቡልን።

አባቴ ቤት ውስጥ ሶኬት ያለው መጻሕፍታቸውን በሚያነቡበት ክፍል ነው። መስታወቱን ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጎን አቆምነው፤ ውሃው ተመለሰ፣ ድንጋዮቹ ገቡ፣ ማሞቂያው በራ። ማሞቂያ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ገንዳው ላይ ማንሳፈፍ ይረዳል፤ የፈላውን እንዳለ መድፋት ግን እንስሳቱን ይገድላል፣ ጨዉንም ያቀጥነዋል። ይህን ለአባቴ ሳስረዳ ማንቆርቆሪያውን ጥደው ነበር። ጠርሙሱን እየያዙ፣ ሲቀዘቅዝ እየለወጡ ከጎኔ ተቀመጡ። ስለ ዲያቆኑ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። የሙቀት መለኪያውን ብቻ እያነበብኩ እነግራቸው ነበር፤ እሳቸውም «እህ» ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ ዓሣው ተገለበጠ፤ ማለቴ ወደ ትክክሉ። መጀመሪያ ዘመመ፣ ከዚያ ቀና፣ ከዚያ ጭራውን መትቶ ከጓደኛው ጎን ቆመ። አባቴ ጠርሙሱን እንደያዙ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

ሁሉም አልዳነም። ሁለት ትንንሽ ኮራሎች በማግሥቱ ሟሙተው ነጭ ሆኑ። ያ የምወደው እንጉዳይ መሳይም ድፍን እንዳለ ቀረ። ያን ማታ አባቴ «ሰኞ ገንዳውን ታነሺዋለሽ» አሉኝ። «አላነሣም» አልኩ። «እስቲ እናያለን» ብለው ሄደው ተኙ። ሰኞ አላነሣሁም። ይልቅ ብርቱካንን አመጣኋት። አጎንብሳ ድፍኑን ኮራል ካየች በኋላ «ቲቸር፣ አትቀየሚኝ፣ ድንጋይ ነው» አለችኝ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ጠራ፤ አባቴ ናቸው። በትምህርት ሰዓት ደውለውልኝ አያውቁም።

«የት ነሽ?» ይላሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ቶሎ ነይ። እጁን አወጣ።»

«ማን?»

«ያ ድንጋይሽ።»

ከሰዓት በኋላ ብርቱካንን ከነጓደኞቿ ይዤ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩን አላስፈቀድኩም፤ የልጆቹን ወላጆች ብቻ ነው የጠየቅሁት፣ የሚጠየቁት እነሱ ናቸውና። ስንገባ አባቴ ገንዳው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጣቶቹ ሁሉ ወጥተው ይወዛወዛሉ። ብርቱካን መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጠፈች። አባቴ ለእኔ ሳይተዉልኝ ማስረዳት ጀመሩ።

«እንስሳ ነው» አሏት። «አፍ አለው። ይበላል።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብኝ? ዓሣ ማርባት ቀድሞም እችል ነበር። የተለወጠው ሌላ ነው። እስከዚያ ድረስ እምቢ ማለት ማለት በር ዘግቶ ብቻን መቆም ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን እምቢ ያልኩት በአደባባይ፣ እውነቱን እየተናገርኩ፣ ቃሬዛ ይዤ ነው፤ ሰዉም በእኔ ሐሳብ ሳይስማማ እንኳ ትከሻውን ሰጠኝ። አባቴ እስከ ዛሬ «ያን ዲያቆን ማግባት ነበረብሽ» ይላሉ። እኔም እስከ ዛሬ አልነበረብኝም እላለሁ። ዲያቆኑ ሌላ አግብቶ ቄስ ሆኗል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። እኔ የምኖረው አሁንም ተከራይቼ ነው፣ ሌላ ግቢ። ባሕሩ ግን አባቴ ቤት ቀርቷል፤ እሺ ሳልል እንደ ልቤ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ሰማያዊው መብራት ሌሊቱን ሁሉ በመሪጌታው መስኮት ይበራል። ቢራ አለ ወይ ብሎ ያንኳኳ እስካሁን የለም።

እናንተም ሞክሩት። አኳሪየም መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ በትንሹ ጀምሩ፤ ውሃችሁን ከቆርቆሮ አትቀበሉ፤ ባዶውን ውሃ ለማየት ታገሡ። አኳሪየም የማያምራችሁ ደግሞ «አውጡልን» የተባላችሁትን ያን ነፍስ ያለውን ነገር በጨለማ ደብቃችሁ አታሽሹት። በቀን፣ በትልቁ መንገድ፣ በትከሻችሁ ይዛችሁት ውጡ። ማን ነው ብሎ ለሚጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት። ከዚያ ማን ከእንጨቱ ሥር እንደሚገባ ተመልከቱ።